የዕብራይስጥ መጻሕፍት ሳንሱር በጣሊያን፦ ከእሳት ወደ ቀለም

ሮም ውስጥ ካምፖ ደ ፊዮሪ በተባለው አደባባይ ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ትልቁ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ የተቃጠለው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1553 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በአይሁድ የአዲስ ዓመት ዕለት ነው። ነገሩን የቆሰቆሰው የገበያ ጠብ ነበር። ጁስቲኒያኒና ብራጋዲን የተባሉ ሁለት ክርስቲያን የቬኒስ አታሚዎች በመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ በማይሞኒደስ የሕግ መጽሐፍ ኅትመት ተጣልተው ክሳቸው ሮም ሲደርስ፣ የተፈረደው በመጻሕፍቱ ላይ ሆነ። በዚያው ዓመት ቬኒስም አቃጠለች። በ1559 ተራው የክሬሞና ሆነ።

ሁሉን ማቃጠል ግን አልተቻለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 3ኛ በ1554 ባወጡት ድንጋጌ፣ ከታልሙድ በቀር ሌሎቹን የዕብራይስጥ መጻሕፍት ክርስትናን ይነካል የተባለው ቃል ከወጣላቸው ማቆየት ተፈቀደ። ከዚህ በኋላ ሥራው የብርዕ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ትእዛዝ ሲወጣ ባለቤቶች መጻሕፍታቸውን ለመርማሪው ያቀርባሉ። መርማሪው ብዙ ጊዜ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነው፤ ዕብራይስጡን አጣርቶ የሚያነብ ሌላ በቀላሉ አይገኝምና። ገጽ እየገለጠ ይደልዛል፤ ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ስሙንና ዓመቱን ይጽፋል። የድካሙን ዋጋ የሚከፍለው የመጽሐፉ ባለቤት ነው። ፊርማው ግን ዋስትና አልነበረም፦ ከዓመታት በኋላ ሌላ መርማሪ መጥቶ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ይደልዛል፣ እንደገናም ያስከፍላል። ስለዚህ ሦስትና አራት ፊርማ የተደረደረበት ገጽ ብርቅ አይደለም።

በማንቱዋ ከ1595 ጀምሮ ከሠሩት መካከል ኢየሩሳሌም የተወለደው ዶሜኒኮ ጄሮሶሊሚታኖ ይታወቃል። የትኛው መጽሐፍ የቱ ላይ እንደሚደለዝ የሚያሳይ፣ ከ400 በላይ መጻሕፍትን የያዘ መመሪያ በዕብራይስጥ አዘጋጀ። ያም ሆኖ በአንዱ ቅጂ የተደለዘው ዐረፍተ ነገር በሌላው ቅጂ ሳይነካ ይገኛል፤ የእጁ ብዛት፣ ጥድፊያውና ድካሙ ያመጣው ነው።

ድልዙ ራሱ ከጊዜ ጋር ከዳቸው። የማተሚያ ቀለም የሚሠራው ከጥላሸትና ከተልባ ዘይት ነው፤ በእኛ የብራና መጻሕፍት እንደምናየው ጥላሸት ጥቁረቱን አይለቅም። የመርማሪዎቹ ቀለም ግን በዛፍ እባጭና በብረት ጨው የተበጠበጠ ስለነበር ዘመን ሲያልፍ ወይቦ ቡናማ ይሆናል። ዛሬ ገጹን ብርሃን ላይ ሲያዩት የተደለዘው ፊደል ከሥር ይነበባል። አሲዱ የበዛበት ቦታ ላይ ግን ወረቀቱ ተበልቶ ይቀደድና፣ ማንም ያልከለከለውን የጀርባውን ጽሑፍ ጭምር ይዞት ይሄዳል።

የከፋው ጉዳት ግን በማተሚያ ቤት የደረሰው ነው፤ የተደለዘ ቃል ቢያንስ መደለዙ ይታያል፣ የተለወጠ ቃል ግን ምልክት የለውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የትሬንቶ ጉባኤ ተከትሎ በ1564 የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር፣ ታልሙድ ስሙ ከተነሣና ስድብ የተባለው ከወጣለት እንዲታተም ፈቀደ። በዚህ መሠረት አታሚው ፍሮቤን በስዊዘርላንዷ ባዝል ከ1578 እስከ 1581 አሳተመው፤ ሳንሱሩን የሠራው ማርኮ ማሪኖ ነው። ስለ ጣዖት አምልኮ የሚናገረው ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይታተም ቀረ። «ታልሙድ» የሚለው የታልሙድ አንዱ ክፍል በሚጠራበት በ«ገማራ» ተተካ። «ጎይ»፣ ማለትም አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው፣ በየኅትመቱ ለሳምራዊ በሚሰጠው «ኩቲ» ወይም ኢትዮጵያዊ ማለት በሆነው «ኩሺ» ተተካ። ሕጉ ስለ ማን እንደሚናገር የማያውቅ አንባቢ ኢትዮጵያውያን እዚያ ምን እንደሚሠሩ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ረቢዎቹም፣ ማለትም የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ ዝም ብለው አልጠበቁም። በ1554 ፌራራ ላይ ተሰብስበው፣ ሦስት ረቢዎችና የማኅበረሰቡ አለቆች ሳይፈቅዱ ማንም አዲስ መጽሐፍ እንዳያሳትም ወሰኑ። እሳቱ ዳግመኛ እንዳይመጣ ራሳቸው አስቀድመው ማጣራት ጀመሩ ማለት ነው። አታሚዎችም በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ አስጊ ነው ባሉት ቃል ፈንታ ባዶ ስፍራ ይተዉ ነበር፤ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቀው አንባቢ በገዛ ብርዑ ይሞላዋል።