የጌም ኮንሶልና የግል መረጃ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ፕሌይስቴሽን የተባለው የሶኒ ኩባንያ የጌም ማጫወቻ (ኮንሶል) በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በብሎኮቹ ሥር ባሉት የንግድ ቤቶች የሚከፈተው ጌም ቤት ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱበታል። ሁለተኛው ሳሎን ውስጥ፣ ከቲቪው ሥር የሚቀመጠው ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣዋል፤ ወይም ያገለገለ ይገዛል። ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ልጁ ውጭ ከሚውል ዓይኑ ሥር ቢጫወት ይመርጣል። ከዋይፋይ ጋር የተገናኘ ኮንሶል ግን ከቲቪ ይልቅ ለስልክ ይቀርባል። ስለሚጫወትበት ሰው መረጃ ይሰበስባል፣ ለኩባንያውም ይልካል።

የሚሰበሰበው ብዙ ነው። አካውንት ሲከፈት ኢሜይልና የልደት ቀን ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የኢንተርኔት አድራሻው፣ የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ የትኛው ጨዋታ መቼ ተከፍቶ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ጓደኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተገዛ ይመዘገባል። ከፊሉ ለአገልግሎቱ የግድ ያስፈልጋል። ከፊሉ ግን ለማስታወቂያና ተጫዋቹ ቀጥሎ ምን ሊገዛ እንደሚችል ለመገመት ይውላል።

ለዚህ ሁሉ ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ቁልፍ በመጫን ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ውሉ ረጅም ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም የለም። "እስማማለሁ" የሚለውን የሚጫነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። ኮንሶሉን የገዛው አባት፣ ለዋይፋዩ የምትከፍለው እናት ያንን ገጽ አይተውት አያውቁም። በዚያ ላይ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ፣ ማለትም የሶኒ የኢንተርኔት መጫወቻ፣ አገልግሎት በሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ልጁ አገሩን አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ብሎ ይሞላል። ሁሉም ነገር እንዲከፈትለት ዕድሜውንም ከፍ ያደርጋል። በመዝገብ ላይ የኮዬ ፈጬው ተማሪ የ25 ዓመት አሜሪካዊ ይሆናል። ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀው ጥበቃ አይደርሰውም። የኢንተርኔት አድራሻው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን ይናገራል።

ያ ጥበቃ ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብ በሕግ የተከለከለ ነው። ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በዚህ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 275 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ በተባለው ኮንሶሉ ምክንያት በተመሳሳይ ክስ 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከሳሹ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነበር።

የተሰበሰበ መረጃ ሊሰረቅም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ተሰብሮ ወደ 77 ሚሊዮን የሚጠጉ አካውንቶች መረጃ ለሌቦች ተጋለጠ፤ አገልግሎቱም ለሳምንታት ተቋረጠ። ተጠቃሚዎች ኩባንያን ያሸነፉበት ጊዜም አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ፣ ኪኔክት የተባለው ካሜራና ማይክሮፎን ያለው ዕቃ ካልተሰካ ማሽኑ አይሠራም ብሎ ነበር። ሰው አምርሮ ተቃወመ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ግዴታውን አነሣ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ፣ ጌም ቤቶቹ ለመረጃ ሰብሳቢ የማይመቹ ሆነው ይገኛሉ። ብዙ ቦታ የሚሠሩት ክራክ በተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያልተገዛ ጨዋታ በሚያጫውት ማሽን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ከኩባንያው ኔትወርክ ጋር ቢገናኝ ሊታገድ ስለሚችል ኢንተርኔት አይነካም። የሚገናኘውም ቢሆን በባለቤቱ አካውንት ስለሆነ፣ በኩባንያው መዝገብ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አንድ ሰው ነው። መኖሪያ ቤት ግን አንድ ልጅ በአንድ አካውንት ለዓመታት ይጫወታል፤ ታሪኩም አብሮት ይከማቻል።

ያገለገለ ዕቃ የራሱ ጣጣ አለው። እኔ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 4 (ፒ ኤስ 4) ሲከፈት የማላውቀው ሰው ስም መጣ። ዋይፋይ ሳገናኘው ጓደኞቹና መልእክቶቹም መጡ። ሻጩ ምንም አላጠፋም ነበር። ሁሉንም አጠፋሁት፤ ያ ሰው ግን መልእክቱ እኔ ቤት ድረስ እንደመጣ አያውቅም።

በሕግ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ሰው ስለ ራሱ ምን እንደተያዘ የመጠየቅ፣ የማሳረምና የማስሰረዝ መብት ይሰጣል። አሜሪካዊ ነኝ ብሎ በተሳሳተ ዕድሜ የተመዘገበ ልጅ ግን ይህን መብት ልጠቀም ቢል መጀመሪያ እሱ መሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ፒ ኤስ 5 ላይ ሴቲንግ ገብቶ፣ ከአካውንት ሥር ፕራይቬሲ የሚለውን ከፍቶ፣ የሚላከውን መረጃ "ሊሚትድ ዳታ ኦንሊ" (የተወሰነ መረጃ ብቻ) ማድረግ ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም በላይ ወላጆች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ግን ማይክሮፎኑን ነው። የፒ ኤስ 5 ጆይስቲክ ውስጡ ማይክሮፎን አለው። ልጁ ከሌሎች ጋር በድምፅ እያወራ ሲጫወት፣ ሳሎኑ ውስጥ የሚወራውም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ የዕቁቡ ብር፣ የጎረቤት ሕመም፣ የኪራዩ ጭቅጭቅ ሁሉ የሚወራበት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው፣ የተሰደበ ተጫዋች አቤት ማለት እንዲችል ማሽኑ የድምፅ ንግግሩን የመጨረሻ 5 ደቂቃ ይይዛል፤ ከዚያ ተቆርጦ ለኩባንያው ሊላክ ይችላል። ማይክሮፎኑ የሚዘጋው ከፒ ኤስ ምልክቱ ሥር ባለችው ትንሽ ቁልፍ ነው። ሲዘጋ ቁልፏ ላይ ብርቱካናማ መብራት ይበራል።