የማኅበረሰብ ሙራል ምንድን ነው?

በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው የክፍሉን የውጭ ግድግዳ አይረሳም። የአፍሪካ ካርታ፣ የሰው ልብ፣ የምግብ መፍጫ አካላት ተሥለውበት ነበር። መጽሐፉ ለሦስት ለአራት ነበር የሚደርሰን፤ ግድግዳው ግን ለሁላችንም ይበቃ ነበር።

ሙራል ማለት ለአንድ ግድግዳ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ሥዕል ነው። ከሳሎን ሥዕል የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ቦታውን አይቶ፣ እዚያ የሚመላለሰውን ሰው አስቦ ነው የሚሠራው። "የማኅበረሰብ" የሚል ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ምን ይሣል የሚለውን ማን ወሰነ?

ብዙ ሰው ለልጆች ብሩሽ ማስያዝ ይመስለዋል። ንድፉ አልቆ፣ ቀለሙ ተመርጦ፣ መጨረሻ ላይ ልጆች የእጃቸውን አሻራ ቢያሳርፉበት ደስ የሚል ቀን ነው። ለእኔ ግን ይህ ብቻውን የማኅበረሰብ ሥራ አያደርገውም። ሰፈሩ መጠየቅ ያለበት ግድግዳው ገና ባዶ እያለ ነው።

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ያለው የካንሳስ ሲቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ምሳሌ ነው። የመኪና ማቆሚያ ሕንፃው አንዱ ጎን እንደ ግዙፍ የመጽሐፍ መደርደሪያ ተሠርቷል። 22 መጻሕፍት ርእሳቸው የተጻፈበትን ጎን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል። የእያንዳንዱ ቁመት 7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የትኞቹ ይሁኑ የሚለውን የጠቆሙት የከተማዋ አንባቢዎች ናቸው፤ ከዚያ መካከል የመረጠው የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ነው። በብሩሽ የተሣለ አይደለም። ግን በዚያ የሚያልፍ ሰው "ያችን እኔ ነኝ የጠቆምኳት" ሊል ይችላል።

ብሩሽ ማስያዙም ቢሆን ብልሃት ይፈልጋል። ሙራል የሚሣለው መወጣጫ ላይ ቆሞ ነው። አዛውንት እንዴት ይውጡ? በዊልቸር የሚሄድ ሰውስ? እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ የሙራል ፕሮግራም ለዚህ የሚጠቀምበት መላ በጣም ደስ ይለኛል። ሠዓሊው ንድፉን ከፋፍሎ የፓራሹት ጨርቅ በሚሉት ስስ ጨርቅ ላይ ያሰፍረዋል። በየቦታው የቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ ጨርቁ ጠረጴዛ ወዳለበት ሁሉ ይሄዳል። ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እስር ቤትም ይገባል። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቁጥሩን እያየ፣ ከጎኑ ካለው ጋር እያወራ ይቀባል። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹ በየተራቸው ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ታራሚው ራሱ መውጣት ባይችልም የቀባት ቁራጭ ከተማው መሃል ትቆማለች። የንባብ ጠረጴዛ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ይህን ሊሞክረው ይችላል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች የተሣሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ የኖረው ከዚያ ላይ ነው።

ስለ ጨርቅ ካነሣን አይቀር፣ ኒውዮርክ ውስጥ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ያለውንም ላንሣ። ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ አሮን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1934 በ135ኛው መንገድ ለሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አራት ትልልቅ ሥዕሎችን በሸራ ላይ ሠራ። ቦታው ዛሬ ሾምበርግ ማዕከል ይባላል። ገንዘቡ የመጣው የአሜሪካ መንግሥት በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ለሥራ አጥ ሠዓሊዎች ከመደበው ነበር። የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው፤ በእኔ መለኪያ የማኅበረሰብ ሙራል ላይባል ይችላል። ነገር ግን ጥቁሩ የሃርለም አንባቢ ከመጽሐፉ ቀና ሲል የሚያየው የራሱን ሰዎች ታሪክ ነበር፦ ከአፍሪካ ከበሮና ጭፈራ ተነሥቶ፣ በባርነትና በነፃነት አዋጅ አልፎ፣ በረጃጅም ሕንፃዎች መሃል ሳክስፎኑን ወደ ሰማይ እስካነሣው ሰው ድረስ።