ለስኮትላንድ ካንትሪ ዳንስ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች

የስኮትላንድ ሙዚቃ ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ባግፓይፕ የሚባለው ባለ ከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ካንትሪ ዳንስ፣ ማለትም ጥንዶች በቡድን ተሰልፈው የሚጨፍሩት ባህላዊ ጭፈራ፣ በሚካሄድበት አዳራሽ ውስጥ ግን ባግፓይፕ ብዙም አይገኝም። ድምፁ ለተዘጋ ቤት ይበዛል፤ የሚያወጣቸው ኖታዎችም ዘጠኝ ብቻ ናቸው። እዚያ ዋናዎቹ አኮርዲዮንና ቫዮሊን ናቸው። ፒያኖ፣ ባስና ድራም ያጅቧቸዋል። ብዙ ባንዶች ሁለተኛ አኮርዲዮን አላቸው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ዜማውን ለመጀመሪያው ትቶ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ይመታል። ለልምምድ ክፍል ከሆነ አንድ ፒያኒስት ብቻውን ይበቃል።

ዳንሱ ጥብቅ ቆጠራ አለው። በብዛት አራት ጥንዶች ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። አንዱ ዙር ሙዚቀኞች ባር በሚሉት መስፈሪያ ብዙ ጊዜ 32 ባር ነው። ዙሩ 8 ጊዜ ይደገማል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመራል። ባንዱ ጥቂት ባር ከዘለለ አዳራሹ ሙሉ ይተራመሳል። ከመጀመሩ በፊት አንድ ኮርድ ይመታል፤ ወንዶቹ ጎንበስ፣ ሴቶቹ ጉልበታቸውን እጥፍ አድርገው እጅ ይነሳሳሉ። ሲያበቃም እንዲሁ።

አንድ ዜማ 8 ጊዜ ቢደጋገም ማንም ይሰለቻል። ስለዚህ ሙዚቀኞቹ ሦስት አራት ዜማ ያያይዛሉ። ብዙ ዳንሶች የራሳቸው ዜማ አላቸው። ባንዱ በእሱ ይጀምራል፣ ወደ ሌሎች ይሻገራል፣ ለመጨረሻው ዙር ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የለመደ ጨፋሪ ያን ዜማ ዳግም ሲሰማ የቀረው አንድ ዙር ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ጥሩ የባንድ መሪ የሚለየው በዚህ ምርጫ ነው። ከአንድ ኪ (ዜማው የሚመሠረትበት የድምፅ መነሻ) ወደ ሌላ ኪ በትክክለኛው ሰዓት ሲሻገር የደከመ እግር እንኳ ይነሳል።

የዳንሱ ዓይነቶች ሪል፣ ጂግና ስትራትስፔይ ናቸው። ሪልና ጂግ ፈጣን ናቸው፤ 8 ዙር በአራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ያልቃል። ስትራትስፔይ ግን ዝግ ያለ ነው፣ የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። አጭር ኖታ ከረጅም ጋር እየተጋጨ የሚሰጠው ቁርጥ ያለ ምት የስኮትላንድ መለያ ነው። በእኔ እምነት የሙዚቀኛው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ከዘገየ ጨፋሪው ይጎተታል፣ ትንሽ ከቸኮለ ደግሞ ውበቱ ይጠፋል።

ሥሩ ሩቅ ነው። ኒል ጋው (1727–1807) የስኮትላንድ መኳንንት የሆኑት የአቶል መስፍኖች የሚደግፉት ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ሠዓሊው ሄንሪ ሬበርን ቫዮሊን ይዞ ሥሎታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጂሚ ሻንድ መጣ። ልጅ ሳለ በስኮትላንዷ ፋይፍ አውራጃ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። ባለ አዝራር አኮርዲዮን ይጫወት ስለነበር የጀርመኑ ሆነር ኩባንያ በእሱ ፍላጎት ልክ የተሠራ ሞዴል በስሙ አወጣ። በ1999 የሰር ማዕረግ አገኘ፣ በ2000 ዐረፈ። ዛሬ አኮርዲዮን ባንዱን መምራቱ የተለመደ የሆነው በአብዛኛው በእሱ ዘመን ነው።

ዳንሱን መልክ ያስያዘው ጂን ሚሊጋንና ኢዝቤል ስቱዋርት በ1923 ግላስጎ ውስጥ ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ዳንሶቹን ከነዜማቸው በመጽሐፍ ያሳትማል። በሴንት አንድሩስ የክረምት ትምህርት ቤቱም ለሙዚቀኞች ኮርስ አለው። ዳንሱ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና ጃፓን ድረስ ተዛምቷል።

ባንድ በሌለበት ክለብ ቅጂ ይከፈታል። ይሠራል፤ ግን ቅጂ እግር አያይም። ባንድ ጨፋሪዎቹ ሲደክሙ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አዳራሹ ሲግል ጨመር አድርጎ ይጫወታል። ጭብጨባው ካልቆመም "እንደገና!" የሚለውን ጥያቄ ሰምቶ ሌላ ዙር ይጀምራል። ከነዚህ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላቸው፤ ለዳንሱ የሚወጡት ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው።