ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ጉንፋን ይዞት ማታ ማታ እንደሚያተኩሰው ስትናገር፣ አንዱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «በሽታው ከገባ ወዲያ ትኩሳቱ ምን ሊረባ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።» ተረቱ ያለ ቦታው ገባ።

እኛ ቤት፣ በሞጣ በኩል፣ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ የበረቱ በር በግንድ ይዘጋል፤ በላዩም እሾህ ይጎተትበታል። ውሻው አመድ ላይ ይተኛል። ጅብ ሲሸተው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይጮሃል። የጎረቤት ውሻ ይቀበለዋል፤ ከወንዝ ማዶ ያለውም ይቀጥላል። አባቴ ጅብ ይሁን መንገደኛ ከጩኸቱ ይለይ ነበር። ጅብ ከሆነ ዱላውን ይዞ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ይወጣል።

እንደ እኔ ግምት፣ ተረቱ የተወለደው ጥጃ ተበልታ ባደረችበት ጠዋት ነው። ጩኸቱን እየሰማ ጋቢውን የተከናነበው ባለቤት አፍሮ «ውሻው ዘግይቶ ጮኸ» ብሎ ይሆናል። ውሻማ ቀድሞ ይጮሃል። የሚዘገየው ሰሚው ነው።

ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ቫይረስ የገባበት ሴል ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ይረጫል። ጎረቤት ሴሎች ይህ ሲደርሳቸው ቫይረሱ እንዳይራባባቸው ይዘጋጃሉ። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ ይህን ለዓለም ያሳወቁት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ነጭ የደም ሴሎችም ሳይቶካይን በሚባሉ ኬሚካላዊ መልእክቶች ይጠራራሉ። አንዳንዱ መልእክት ከጉዳቱ ቦታ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፤ የተጠሩት ሴሎች እየበረታ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ተከትለው ይደርሳሉ። ሌላው በደም በኩል መልእክቱን አንጎል ያደርስና የሰውነት ሙቀት ይጨምራል። እኛ ግንባር ስንዳስስ እነሱ ከተጠራሩ ቆይተዋል። እግር ቆስሎ ብሽሽት ላይ የሚወጣውን ንፍፊት ያየ ሰውም ነገሩን በእጁ ዳስሶታል፤ ጥሪው ደርሶ ተከላካዮቹ ሴሎች እዚያ በዝተው ነው ያበጠው።

በእርግጥ ጥሪው ልኩን ካለፈ ራሱ ሰውነትን ይጎዳል። ትኩሳት የጠናበት ልጅ ወደ ሐኪም ቤት መወሰዱ ለዚህም ነው።

አሁን አሁን ተረቱ የስብሰባ አፍ መዝጊያ ሆኗል። ድልድዩ ሊፈርስ ነው እያለ ከአምና ጀምሮ የለፈለፈ ሰው፣ ሲፈርስ ደግሞ ቢናገር «ጅብ ከሄደ…» ብለው ይስቁበታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ይህን መተረት ነውር ነው።