«ጥምር ደን እርሻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቡና ላይ ስናወራ ጥያቄው ደጋግሞ ስለተነሳ ላስረዳ። ጥምር ደን እርሻ ማለት ዛፍና ሰብል ታስቦበት አንድ ማሳ ላይ አብረው ሲያድጉ ነው። ቡናው ለብቻው ተደርድሮ ዳር ላይ ሁለት ዛፍ ቢቆም ያው የአንድ ሰብል ማሳ ነው።

ዘጌን አስቡ። ከባህር ዳር በጀልባ ተሻግራችሁ ወደ ገዳማቱ ስትወጡ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ መሃል መሃሉን ጌሾ ታያላችሁ። ዛፉ ፀሐይና ነፋስ ይከላከላል። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ያለማል። ብርብራ የሚባለው ዛፍማ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎም እንደ ቡና ሁሉ በተፈጥሮው ከዛፍ ሥር የሚበቅል ተክል ነው።

የዛፍ ጥላ መጥቀሙ እርግጥ ነው። የጥላው መጠን ግን እንደ ከፍታው፣ አፈሩና ዝናቡ ይለያያል። ጥላ ሲበዛ ቡናው ፍሬ ይቀንሳል። ያኔ ቅርንጫፉን መልምሉ እንጂ ዛፉን ለመጣል አትቸኩሉ።