ዓመት ወይስ ገንዘብ፦ የአሜሪካ ፓይለቶች ሁለት መግቢያ በሮች

አሜሪካ ውስጥ ፓይለት መሆን የሚመኝ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ሁለት በር ፊቱ ይቆማል፤ የጦር አካዳሚ እና ሲቪል ኮሌጅ። ብዙዎች "የትኛው የተሻለ ያስተምራል?" ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ የሒሳብ ይመስለኛል። በአንዱ በር የሚከፈለው ዓመት ነው፤ በሌላው ገንዘብ።

የአየር ኃይል አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቋመ። የሚገኘው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። ለአራቱ ዓመት ትምህርት ክፍያ የለም፤ እንዲያውም ካዴቱ (የአካዳሚው ተማሪ) መጠነኛ ደመወዝ አለው። ለመግባት ግን ውጤት ብቻ አይበቃም። አብዛኛው አመልካች አካባቢውን በሚወክል የኮንግረስ አባል መታጨት አለበት።

ውጤቱ ትንሽ ያነሰ፣ ግን ተስፋ የተጣለበት አመልካች እዚያው ግቢ ወዳለው መሰናዶ ትምህርት ቤት ሊላክ ይችላል። ለብቻው ማመልከቻ የለውም፤ ተማሪዎቹ የሚመረጡት ለአካዳሚው ካመለከቱት መካከል ነው። የበረራ ትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ። አሥር ወር ያህል ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ እና ወታደራዊ ሥርዓት ነው። የባሕር ኃይሉም ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ተመሳሳይ መሰናዶ አለው።

ከአካዳሚ መመረቅም ፓይለት አያደርግም። ተመራቂው ዲግሪና የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በጤናና በውጤት ተለይቶ አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ የበረራ ሥልጠና ይገባል። ሥልጠናውን ከጨረሰበት ቀን ጀምሮ የአሥር ዓመት አገልግሎት አለበት። በ18 ዓመቱ መሰናዶ የገባ ልጅ ነፃ የሚወጣው ወደ 35 ሲጠጋ ነው ማለት ነው። ሐሳቡን የሚቀይር ካለ የአካዳሚው ሦስተኛ ዓመት ሳይጀምር ቢወስን ይሻለዋል፤ እስከዚያ ያለ ግዴታ መልቀቅ ይችላል።

በሲቪሉ በኩል ወጪው ይከብዳል። የአራት ዓመት ኮሌጅ ከበረራ ሥልጠና ጋር ተደምሮ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በመደበኛው መንገድ 250 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። አየር መንገድ ለመቀጠር ግን 1,500 ያስፈልጋል። ይህ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ አንድ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ከተከሰከሰ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ የዚያ በረራ ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ቅናሽም አለ፤ በጦሩ ለሠለጠነ 750፣ ከተፈቀደለት ኮሌጅ በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1,000። የጎደለውን ሰዓት ብዙዎቹ የሚሞሉት ጀማሪ እያስተማሩ ነው። ደመወዙ ቀጭን ነው።

ታዲያ ሲቪሉ ምን ያተርፋል? ቀድሞ መቀጠርን። በአሜሪካ አየር መንገዶች የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ መነሻ ከተማው፣ የበዓል ዕረፍቱ ሁሉ የሚወሰነው በቅጥር ቀን ቅደም ተከተል ነው። የጡረታ ዕድሜ ደግሞ 65 ነው። በ25 ዓመቱ የተቀጠረ፣ ጦሩን ጨርሶ በ35 የሚመጣውን ጎበዝ ሁልጊዜ ይቀድመዋል። ተዋጊ ጄት ማብረር የሚፈልግ ግን ይህን ሒሳብ ባይሰማው ይሻላል። ያንን ወንበር የሚሰጥ ሲቪል ኮሌጅ የለም።

እውነቱን ለመናገር በሮቹ ሁለት ብቻ አይደሉም። አር ኦ ቲ ሲ የሚባለው ፕሮግራም ተማሪውን ሲቪል ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ መኮንን ያደርገዋል፤ ስኮላርሺፕም አለው። የበረራ ዕድል ካገኘ ያው አሥሩ ዓመት ይጠብቀዋል። በአየር ብሔራዊ ዘብ (የአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር) ደግሞ ሠልጥኖ የትርፍ ጊዜ ወታደር፣ በመደበኛ ሥራው የአየር መንገድ ፓይለት የሚሆን አለ።

የትኛውንም በር ከማንኳኳት በፊት ግን አንደኛ ደረጃ የተባለውን የአብራሪ ጤና ምርመራ ማለፍ ብልህነት ነው። ቀለም መለየት ያቃተው ዓይን ከሁለተኛ ዓመት ክፍያ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው በፊት ቢታወቅ ይሻላል።