የማርሻል አርት አሰልጣኝነት በጅማ

በጅማ ከተማ የማርሻል አርት አሰልጣኝነት በአብዛኛው ከሌላ መተዳደሪያ ጎን ለጎን የሚሠራ ሙያ ነው። ልምምዱ በወጣት ማዕከላት፣ በትምህርት ቤት አዳራሾችና በኪራይ ክፍሎች ይካሄዳል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች የቡና ከተማ የኮሪያው ቴኳንዶ በስፋት ይታወቃል፤ ካራቴና የቻይናው ውሹም ተከታዮች አሏቸው። ይህ ዳሰሳ በተለይ የቴኳንዶ አሰልጣኞችን ለማስተማር የሚያተጋቸውን ነገር ይመለከታል።

አመጣጥ

እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ በጅማም የስፖርቱን ፍቅር ያዛመቱት በቪዲዮ ቤቶች ይታዩ የነበሩት የብሩስ ሊና የጃኪ ቻን ፊልሞች ናቸው። ሥሩን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ የሚመዝዙም አሉ። ሆኖም ቴኳንዶ በዚህ ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ዛሬ የሚሰጠውን ሥልጠና ይዘው ተመለሱ ማለት ያስቸግራል።

ማዕረግና ግዴታ

ተከታዮቻቸው የቴኳንዶ መሥራች የሚሏቸው ደቡብ ኮሪያዊውን ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂን ነው፤ ሌሎች ግን ስፖርቱን የበርካታ የኮሪያ ትምህርት ቤቶች የጋራ ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። ጄኔራሉ እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1966 በሴኡል ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን (አይ ቲ ኤፍ) ማስተማርን ከማዕረጉ ጋር አስተሳስሮታል። በዚህ ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ያለው ረዳት አሰልጣኝ፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያለው አሰልጣኝ፣ 7ኛና 8ኛ የደረሰው ማስተር፣ 9ኛ ላይ የደረሰው ደግሞ ግራንድ ማስተር ይባላል። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው የማስተማር ኃላፊነትም አብሮት ይመጣል ማለት ነው። እንዲያውም ነገሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ሰማያዊ ወይም ቀይ ቀበቶ ያሰረ ሲኒየር ጁኒየሮቹን ያሟሙቃል፣ የነጭ ቀበቶዎቹን አቋቋም ያስተካክላል። ብዙው አሰልጣኝ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ «ላስተምር» ብሎ የወሰነ አይደለም። ሲያስተምር ነው ያደገው።

ሰልጣኞች የሚምሉት ቃለ መሐላ አምስት አንቀጾች አሉት። አንዱ አሰልጣኝንና ሲኒየርን ማክበርን ያዛል፤ የመጨረሻው ሰላማዊ ዓለም ለመገንባት ቃል ያስገባል። የፓተርኖቹ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠሩት የእንቅስቃሴ ስብስቦች፣ ቁጥር 24 የሆነውም በምክንያት ነው። ጄኔራሉ የሰው ዕድሜ ከዘላለም አንጻር እንደ አንድ ቀን መሆኑን በማሰብ፣ 24ቱን ሰዓት በ24 ፓተርን መስለው ለመጪው ትውልድ አንድ ነገር ትተው ለማለፍ ፈልገዋል። ከዚህ ሥርዓት የወጣ አሰልጣኝ የተማረውን ይዞ መቅረትን እንደ ዕዳ ቢቆጥረው አያስገርምም።

አደራ

በጅማ ጫት የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ከምሳ በኋላ የሚቀመጡበት በርጫ ወጣቱን እንዳይወስድባቸው የሚሰጉ ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ወደ ክለቡ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በ10 ወይም በ11 ሰዓት የሚጀመር ልምምድ ያንኑ ሰዓት ይሻማል። «አደራዎን፣ እንደ ልጅዎ ይቆጡልኝ» የተባለ አሰልጣኝ ከዚያ በኋላ ስለ ምት ብቻ አያስብም፤ የትምህርት ቤት ውጤት ይጠይቃል፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ይፈልጋል። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳራሾቹ ይሞላሉ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆጠራው እንዲሰማ መጮህ ግድ ነው። ሴቶች ልጆችን ማሰልጠንም የዚሁ አደራ ክፍል ሲሆን፣ ሒጃብ ለባሽ ሰልጣኞችን የሚከለክል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ በሒጃብ የተወዳደረች ኢራናዊት ነበረች።

ገቢና ውድድር

ወርሃዊ ክፍያ አለ፤ የቀበቶ ፈተና ክፍያም አለ። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ይቀነሳል፣ መክፈል የማይችሉ ልጆችም በነፃ ይሰለጥናሉ። ለገንዘብ ብሎ የገባ በዚህ ሥራ ብዙ አይቆይም።

የኦሊምፒክ ቴኳንዶ የሚካሄደው ግን በአይ ቲ ኤፍ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1973 በተቋቋመው በሌላው ድርጅት፣ በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነው። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩ፣ ከእኔ እጅ ደግሞ ማን ይወጣል የሚለውን ጥያቄ በየአዳራሹ አንስቷል።

በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ሰልጣኞችን ያመጣል። ተማሪዎቹ ሲመረቁ ይሄዳሉ፤ ቀበቶ አስሮ የሄደ ተመራቂ በትውልድ ከተማው ክለብ ሲከፍት፣ የጅማው አሰልጣኝ የቀበቶ ፈታኝ ሆኖ ይጠራል።